መሬት አይሸጥም፤ ታዲያ ምን ይሻላል? ለሰሜን ሸዋ ባለይዞታ የአማራጮች ንጽጽር

አክስቴ የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ ነው። ሳጥናቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚወጣው የበዓል ነጠላቸው ነው። ከነጠላው ሥር ፌስታል አለ። ፌስታሉ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የይዞታ ደብተር ይገኛል። ሁላችንም አረንጓዴ ደብተር የምንለው ነው። የእሳቸውና የሟች ባላቸው ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። የባላቸው ፎቶ አንዱ ጥግ ተነስቷል። ደብተሩን በሁለት እጃቸው ይዘው «መሬቴ ይኼ ነው» ይላሉ።

መሬቱ በጠቅላላው አራት ጥማድ ነው፤ አንድ ሄክታር ግድም። ገብስ፣ ባቄላና ስንዴ ይበቅልበታል። አክስቴ እግራቸው ከደከመ ወዲህ ማሳ መውረድ አልቻሉም። ሴት ልጃቸው አዲስ አበባ ናት። ወንዱ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ይሠራል። አምና መስከረም ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ዓይነት ምክር መጣላቸው። ጎረቤት «ለእኩል ስጡኝ» አለ። ነጋዴ «ኮንትራት ልያዘው» አለ። አበዳሪ «በወለድ አገድ» አለ። ወንድማቸው «ለልጆቹ አውርሺና ተገላገይ» አላቸው። ደላላ ደግሞ መኪና አቁሞ «ሽጡት እማማ፣ ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ» አለ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በየቤቱ ይኸው ጥያቄ ስላለ ነው። ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ ከአንኮበር እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ያረጀ ወላጅና ከተማ የገባ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይጠይቀዋል። አማራጮቹን አንድ በአንድ አያለሁ። የሚሻለውንም እንደሚመስለኝ እናገራለሁ።

መጀመሪያ፣ የያዙት ነገር ምንድን ነው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ስለ ንብረት መብት ነው። ሰው የሚያስታውሰው ንኡስ አንቀጽ 3ን ነው። የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፤ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ይላል። ብዙዎች እዚያ ላይ ያቆማሉ። «እንግዲህ ምንም የለንም» ይላሉ። ልክ አይደለም። ትንሽ ዝቅ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ንኡስ አንቀጽ 4 አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል። ንኡስ አንቀጽ 7 ደግሞ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፣ ሰው በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራው ቋሚ ንብረትና ያደረገው ቋሚ መሻሻል የራሱ መሆኑን ያረጋግጣል። ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ ያወርሰዋል። ንኡስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ እንዲከፍል ያስገድዳል።

ስለዚህ አንድ ማሳ ላይ ሁለት ነገር አለ። አፈሩ የማንም ግለሰብ አይደለም። ቤቱ፣ ጉድጓዱ፣ ባህር ዛፉ፣ እርከኑ ግን የሠራው ሰው ነው። በመካከላቸው ደግሞ የመጠቀም መብት አለ። ደብተሩ የሚያረጋግጠው ይህን የመጠቀም መብት ነው። ማከራየት፣ ማውረስ፣ በስጦታ መስጠት የሚቻለውም እሱን ነው።

የመጠቀም መብቱም ቢሆን ሁልጊዜ እንደዛሬው ሰፊ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ መሸጥን ብቻ አልከለከለም። ማከራየትም፣ በዕዳ ማስያዝም ከለከለ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን በ10 ሄክታር ወሰነ። «መሬት ላራሹ» ሲባል ለኖረ ጭሰኛ ትልቅ እፎይታ ነበር። በመንዝ ግን ሰው መሬት የሚያገኘው በአያት ቅድመ አያት ርስት ቆጥሮ ነበርና ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ዛሬም ሽማግሌዎች ሲያወሩ ይህ ልዩነት ይሰማል።

መሬት የግል ቢሆን ይሻል ነበር ወይ? ክርክሩ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም ነበር፣ አሁንም አለ። አንደኛው ወገን ገበሬው በክፉ ቀን ሸጦ ባዶ እጁን ከተማ ይገባል ይላል። ሌላው ወገን መንግሥት ባለመሬት ከሆነ ገበሬው ጭሰኛነቱ አልቀረም ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በክልላችን በ1989 ዓ.ም. የተደረገውን የመሬት ሽግሽግ የሚያስታውስ ሰው፣ መሬት በስብሰባ ከእጅ ሊወጣ እንደሚችል ያውቃል። በሌላ በኩል ደላላው መኪና አቁሞ አክስቴን ሲያናግር ያየ ሰው፣ ሽያጭ ቢፈቀድ ያ መሬት በዚያው ሳምንት ይሄድ እንደነበር ያውቃል። እኔ አፈሩ እንዳይሸጥ የተደረገው ባይከፋኝም የመጠቀም መብቱ ግን ከዚህ የበለጠ መጠንከር አለበት ባይ ነኝ።

«የመንግሥት ወይስ የግል» የሚለው ክርክር የሚረሳው ሦስተኛ መንገድም አለ። መንዝ ላይ ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር የአስቦና የገራ ዘሮች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋል። አባ ቄራ በሚባል አለቃ እየተመሩ፣ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ እየወሰኑ፣ የቀረውን ጊዜ እየዘጉት። የ1967ቱ አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው። በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጓሳን መልሶ ጠበቀው። የወል መሬት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የቀበሌ ግጦሽም ከዚሁ ወገን ነውና «ድርሻዬን» ብሎ የሚያከራይላችሁ ሰው ቢመጣ አትስሙት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ደላሎች «አዋጁ ሊለወጥ ነው፣ መሬት ሊሸጥ ነው፣ አሁን ያዙ» ይላሉ። አንቀጽ 40 ያለው በሦስተኛው ምዕራፍ፣ በመብቶች ምዕራፍ ውስጥ ነው። ይህን ምዕራፍ ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መቀበል አለባቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። አንድ ክልል እምቢ ካለ ቀረ። ዘንድሮ ለምትወስኑት ውሳኔ ይህን ወሬ መሠረት አታድርጉ።

እኩል ወይስ ኮንትራት?

አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ እንቆይ።

እኩል ማለት አራሹ በሬና ጉልበት ያመጣል፣ ባለመሬቱ መሬት ይሰጣል፣ ምርቱ ይካፈላል ማለት ነው። ስሙ እኩል ይሁን እንጂ ክፍያው እንደ ስምምነቱ ነው። ዘሩንና ማዳበሪያውን ማን ያወጣል የሚለው ድርሻውን ይለውጠዋል። ሲሶ የሚሰጥም አለ፣ እርቦ የሚሰጥም አለ። ጥሩነቱ እህል ቤት መግባቱ ነው። የኑሮ ውድነት ቢመጣ እህሉም አብሮ ይወደዳል። ክፉ ዓመት ከሆነ ጉዳቱን ሁለታችሁ ትካፈላላችሁ።

መጥፎው መቆጣጠርን መፈለጉ ነው። አውድማ ላይ ያልቆመ ባለመሬት የሚደርሰው የተነገረው ነው። አክስቴ ሦስት ዓመት ለእኩል ሰጥተዋል። በሦስተኛው ዓመት ጠቡ በእህሉ አልመጣም፣ በገለባው መጣ። ውሉ የተባለው በቃል ነበር። «ምርቱን እኩል» ተባለ። ጭድ ምርት ነው ወይስ አይደለም? በእኛ አገር፣ በብርዱ፣ ላም ላለው ሰው ጭድ ከእህል አያንስም። ጅሩ ሰንጋ የሚያደልብ ሰው ይህን ልንገርህ አይባልም። አራሹ ጭዱን ወደ ቤቱ ከመረው። አክስቴ ላማቸውን ሸጡ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ታረቁ፣ ላሟ ግን አልተመለሰችም።

ስለዚህ ለእኩል የምትሰጡ ከሆነ አራት ነገር በወረቀት አስፍሩ። ዘርና ማዳበሪያ የማን ነው? ገለባው እንዴት ይካፈላል? አውድማው የት ይሆናል፣ እህሉ ሲወቃ ማን ይኖራል? ግብሩን ማን ይከፍላል? የመጨረሻውን እኔ ሁልጊዜ ባለመሬቱ ይክፈል እላለሁ። ደረሰኙ በእናንተ ስም ይውጣ። ክርክር ሲነሳ የግብር ደረሰኝ ከብዙ ምስክር ይሻላል።

ኮንትራት ሌላ ነው። ተከራዩ ገንዘብ ይከፍላል፣ ምርቱ ሙሉ በሙሉ የሱ ነው። አዲስ አበባ ለተቀመጠ ልጅ፣ ለታመመ ሰው፣ አውድማ መቆም ለማይችል ይቀላል። ምርት ቢጠፋም ገንዘቡ ተከፍሏል። ነገር ግን ሁለት ወጥመድ አለበት።

አንዱ ጊዜ ነው። ተከራይ ረጅም ዓመት ይፈልጋል፣ ገንዘቡንም በአንዴ ቆጥሮ ይሰጣል። እጅ ላይ ሲታይ ብዙ ነው። የአምስት ዓመት ኪራይ ዛሬ ተቀብላችሁ፣ በአምስተኛው ዓመት የጤፍ ዋጋ የት እንደሚደርስ አስቡት። የኔ ምክር አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ክፍያው በየዓመቱ ይሁን፣ ዋጋውም በየዓመቱ ይታይ።

ሌላው ዛፍ ነው። ቅድም ያልኩትን ንኡስ አንቀጽ 7 አስታውሱ። በመሬት ላይ በጉልበት የተሠራ ቋሚ ነገር የሠሪው ንብረት ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባህር ዛፍ እንደ ሰብል የሚተከልበት አገር ነው። ተከራይ ባህር ዛፍ ከተከለ፣ ኪራዩ ሲያልቅ «ውጣ» ስትሉት «ዛፌስ?» ይላችኋል። ጥያቄው መልስ ይፈልጋል። ዛፉ ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ጥያቄውም እንደዚያው። ሸዋ ሮቢት ላይ ማንጎ ቢሆን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ስለዚህ ውሉ ላይ «ቋሚ ተክል አይተከልም፣ ግንባታ አይሠራም» የሚል መስመር ግዴታ ይግባ። አንድ መስመር ነው፤ የዓመታት ክርክር ያስቀራል።

የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 456፣ ስለ ኪራይ ሲናገር ሦስት ነገር አስቀምጦ ነበር። ኪራዩ ባለይዞታውን ከመሬቱ እንዳያፈናቅለው። በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው የቤተሰብ አባላት ሁሉ እንዲስማሙ። ውሉ በሚመለከተው አካል ቀርቦ እንዲመዘገብ። በ2016 ዓ.ም. በቁጥር 1324 እሱን የተካ አዲስ አዋጅ ወጥቷል። ክልላችንም የራሱ አዋጅ፣ ቁጥር 252/2009 አለው። የኪራይ የጊዜ ጣሪያና ቅጹ ከእነዚህ ስለሚመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የሚሠራበትን ቅጽ ውሰዱ። ያልተመዘገበ የኪራይ ውል ሁለታችሁ እስከተስማማችሁ ድረስ ይሠራል። ውል የሚያስፈልገው ግን ያልተስማማችሁ ቀን ነው።

ከሁለቱ የቱ? ቅርብ ካላችሁ፣ ከብት ካላችሁ፣ አራሹን የምታውቁት ከሆነ እኩል። ሩቅ ከሆናችሁ ወይም ባለመሬቷ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ከሆነች የተመዘገበ አጭር ኮንትራት። ምንጃር ላይ የጤፍና የሽምብራ መሬት ላለው ሰው ኮንትራቱ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ወደዚያ ባዘነብል አልገረምም።

ገንዘብ ሲቸግር፤ ወለድ አገድና ብድር

ወለድ አገድ የቆየ ልማድ ነው። ገንዘብ ትበደራላችሁ፣ አበዳሪው በወለዱ ፋንታ መሬታችሁን ያርሳል። ዋናውን ገንዘብ እስክትመልሱ ድረስ መሬቱ እሱ ጋ ነው። ለልጅ ሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለሕክምና ብዙ ሰው ይገባበታል።

እኔ ይህን አልመክርም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የምታርሱት መሬት ካልኖራችሁ ዋናውን ገንዘብ ከየት ታመጣላችሁ? ዓመት ዓመትን እየወለደ ይሄዳል። አበዳሪው ዐሥር ክረምት አርሶ ገንዘቡን በምርት ደጋግሞ ቢያገኘውም ዕዳው ያው ነው፣ አንዲት ብር አልቀነሰም። ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ደግሞ የአበዳሪው ልጆች «አባታችን ሲያርሰው ነው ያደግነው» ይላሉ።

ከዚያ ይልቅ የተወሰነ ጊዜ ኮንትራት ሰጥቶ ገንዘቡን መቀበል ይሻላል። ጊዜው ሲያልቅ መሬቱም ይመለሳል፣ ዕዳም የለም። ሁለተኛው አማራጭ በክልሉ የ2009 አዋጅ የተከፈተው ነው። ሁለተኛ ደረጃ የሚባለውን፣ ካርታ ያለበትን ደብተር የያዘ ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከአበዳሪ ተቋም መበደር ይችላል። እዚህም የሚያዘው አፈሩ አይደለም። ብድሩ ካልተከፈለ ተቋሙ ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብቱን ይወስዳል፣ ከዚያ መሬቱ ይመለሳል። ወለድ አለው፣ ግን መጨረሻው የታወቀ ነው። ወለድ አገድ መጨረሻ የለውም።

ስጦታ፣ ኑዛዜ፣ «ስጦታ» የተባለ ሽያጭ

አባቴ ወገን ያለ አንድ አጎቴ ከብዙ ዓመት በፊት ሁለት ጥማድ መሬት «በስጦታ» ሰጠ። ተቀባዩ ዘመዱ አልነበረም። ገንዘብ ተቀብሏል፣ እኛም እናውቃለን፣ መንደሩም ያውቃል። ወረቀቱ ላይ «ስለጦረኝና ስለረዳኝ» ተብሎ ተጻፈ። አጎቴ ሲሞት ልጆቹ ከሰሱ። ሰውየው «ገዝቻለሁ» ማለት አልቻለም፣ መሬት አይገዛማ። «ጦሬዋለሁ» አለ፣ ማስረዳት አቃተው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ መሬቱ ለልጆቹ ተመለሰ። ሰውየው የከፈለው ገንዘብ የት እንደሚገባ የሚያሳይ አንድም ሰነድ አልነበረውም። እሱም ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ አይቻለሁ፣ አላስደሰተኝም።

መሬትን በገንዘብ የሚያስተላልፍ ውል ሕገ መንግሥቱን ስለሚጻረር ፈራሽ ነው። ስሙን ስጦታ፣ ብድር፣ እርዳታ ብትሉት ለውጥ የለውም። ፍርድ ቤት ሽፋኑን ገልጦ ያያል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም የመሬት ሽያጭን በዚህ መንገድ ነው ያየው። ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወገን ወደነበሩበት ይመለሱ ይባላል። ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመለስ ብር ያው ብር አይደለም። ሻጩ ያፍራል፣ ገዢው ይከስራል።

እውነተኛ ስጦታና ኑዛዜ ግን ጥሩ መንገዶች ናቸው። ስጦታ አሁኑኑ ከእጅ ይወጣል። ኑዛዜ እስክትሞቱ ድረስ ሊለወጥ ይችላል። ለአሮጊት እናት ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሰጠችው ልጅ ነገ ፊቱን ቢያዞርባት በስጦታ ከሆነ ደብተሩ የሱ ነው። በኑዛዜ ከሆነ ደብተሩ አሁንም ሳጥኗ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚጦራችሁን ሰው በደንብ እስካላወቃችሁ ድረስ ኑዛዜ ይበልጣል። ጉዳቱ ኑዛዜ በሥርዓቱ ካልተጻፈና ምስክሮቹ ካልተሟሉ ሊወድቅ መቻሉ ነው፤ እሱን ለጻፊ አትተዉት።

በኑዛዜ የትዳር ጓደኛንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን መንቀል እንደማይቻል አስታውሱ። ሴት ልጅንም መርሳት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንኡስ አንቀጽ 7 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደርና በመውረስ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፎታል። «እሷ ባል አግብታለች፣ ባሏ ጋ መሬት አላት» የሚለው ንግግር ሽማግሌ ፊት ያስኬድ ይሆናል። ሕግ ፊት አያስኬድም። አክስቴን «ለወንዱ ብቻ ጻፊ» ያሏቸው ሰዎች ነበሩ። እሳቸው ደብተሩን አሳዩአቸው። ፎቶው ላይ ሁለት ሰው አለ፣ አንዷ ሴት ናት።

መንግሥት ሲወስደው፤ ምትክ መሬት ወይስ ብር?

ደብረ ብርሃን እየሰፋች ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ፋብሪካዎቹ አሉ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ በዋናው መንገድ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ያለ ባለይዞታ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ሊደርሰው ይችላል።

የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ሂሳቡን እንዲህ አስቀምጦታል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት የሚሰጣችሁ ከሆነ፣ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳ ትቀበላላችሁ፣ በዚያ ላይ የአንድ ዓመት ገቢ የልማት ተነሺ ካሳ። ምትክ መሬት ከሌለና በቋሚነት ከተነሣችሁ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ይባዛል። ለምሳሌ ከሦስቱ ዓመት በምርጡ 60,000 ብር ካገኛችሁ፣ 15 ጊዜ 900,000 ብር ይሆናል። በምትክ መሬቱ መንገድ ደግሞ 60,000 ብርና መሬት።

900,000 ብር ትልቅ ይመስላል። አንድ ሄክታር ላይ ቤተሰብ ይዞ ለኖረ፣ ሌላ ሙያ ለሌለው ገበሬ ግን ምትክ መሬት ይሻላል እላለሁ፣ ጥራቱ ተመጣጣኝ እስከሆነ ድረስ። ብሩን የሚመርጥ ሰው ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት የት እንደሚያውለው የወሰነ ይሁን። ሁልጊዜ ምርጫው በእጃችሁ እንዳልሆነም እወቁ። ምትክ የሚሰጠው ሲኖር ነው።

ለሁለቱም የሚሆን አንድ ዝግጅት አለ። የገቢ ማስረጃ። ስንት ኩንታል እንደሰበሰባችሁ፣ በስንት እንደሸጣችሁ በደብተር ጻፉ። ባህር ዛፋችሁን ቁጠሩ። የቤቱን፣ የጉድጓዱን፣ የእርከኑን ፎቶ አንሱ። ካሳው የሚሰላው በዚህ ላይ ነው። አዋጁ ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት እንዲመክሩበት ይላል። መሬቱ ለከተማ ልማት ከተፈለገ ራሳችሁ ለማልማት ቅድሚያ የመጠየቅ መብትም ሰጥቷል። ቅሬታ ካለም አቤቱታ ሰሚ አካል አለ፣ የጊዜ ገደቡ ግን አጭር ነው፤ ወረቀቱ እጃችሁ እንደገባ ቆጠራው ይጀምራል። በአዋጁ ላይ ማሻሻያ ስለወጣ የሚሠራበትን ቅጂ ጠይቃችሁ ያዙ።

ከተማ ገብቶ ቤት መሥሪያ ለሚፈልግ

ይህን ባጭሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ፊት ሦስት መንገድ አለ። ሊዝ፣ ካርታ ያለው ቤት፣ የመንደር ውል።

በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ የመኖሪያ ቤት ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ቅድሚያ ክፍያው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። ጨረታው ውድ ሊሆን ይችላል፣ ግን ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ቦታ ይዞ ሳይሠራ አትርፎ መሸጥ እንደማይቻል ግን እወቁ። ግንባታው ከግማሽ በታች ሆኖ ሊዙ ሲተላለፍ ከሊዝ ዋጋው ልዩነት አብዛኛው የመንግሥት ነው፣ ለባለሊዙ የሚደርሰው 5 በመቶ ነው።

ካርታ ያለው ቤት ስትገዙ የምትገዙት ቤቱን ነው፣ መሬቱ አብሮ ይከተላል። ይህ ሕጋዊ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሻጩ ያገባ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ። ከዚያ ስም እስኪዛወር አትተኙ። «ለጊዜው በውክልና ይሁን» የሚባል ነገር አለ። ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናው ይቆማል። ያኔ ከወራሾቹ ጋር አዲስ ድርድር ነው።

የመንደር ውል ከሁሉም ርካሽ ነው። ከገበሬው ማሳ ላይ 200 ካሬ ተለክቶ፣ ሦስት ምስክር ፈርሞ፣ ሌሊት ቤት ይቆማል። ጨረቃ ቤት ይሉታል። ሊዝ የማይችል ወጣት ለምን እዚያ እንደሚገባ ይገባኛል፣ አልፈርድበትም። ነገር ግን ውሉ ከላይ እንዳልኩት የመሬት ሽያጭ ነው፣ ፈራሽ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ካሳ መጠየቂያ መሠረትም የለም። ያጠራቀማችሁት ለዚያ የሚበቃ ከሆነ፣ እባካችሁ፣ ራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ሄዳችሁ ካርታ ያላት ሁለት ክፍል ቤት ግዙ። ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ላይ ዋጋው ሊቀላችሁ ይችላል።

አክስቴ መጨረሻ ላይ መሬቱን ከሁለት ከፈሉት። ከቤታቸው አጠገብ ያለውን ሁለት ጥማድ ለጎረቤታቸው ልጅ ለእኩል ሰጡ፣ ጭዱ በግማሽ ተብሎ ተጽፎ። ራቅ ያለውን ለሁለት ዓመት በኮንትራት አከራዩ። ወረዳ ሄደን አስመዘገብን፣ ልጆቻቸውም ሁለቱም ፈረሙ። «ቋሚ ተክል አይተከልም» የሚለውን መስመር እሳቸው ራሳቸው ጻፊውን ደግመው አስነበቡት። ደብተሩን ፎቶ ኮፒ ስናስነሳ የባላቸው ፎቶ ጥግ እንዳይቀደድ በመዳፋቸው ይዘውት ነበር። ኑዛዜው ገና ነው፤ ሴት ልጃቸው ለፋሲካ ስትመጣ ይጻፋል።